አሮጌው ኮምፒውተርና አዲሱ ዊንዶውስ፦ የአባላት መዝገብ በየትኛው ይያዝ?

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ለአባላትና ለተጋባዥ እንግዶች የቀረበ ንግግር)





በምሥረታ በዓል ቀን ስለ መጋዘኑ፣ ስለ ጭነት መኪናውና ስለ ትርፍ ክፍፍሉ መነጋገር የተለመደ ነው። ዛሬ የሚቀርበው ጉዳይ ግን በሒሳብ ክፍሉ ጥግ፣ አቧራ እንዳይገባው ጨርቅ ለብሶ የሚቀመጠውን ዕቃ ይመለከታል። በመካነ ሰላምም ሆነ በአካባቢው ወረዳዎች፣ ከለጋምቦ እስከ ወግዲ፣ ከከላላ እስከ ሳይንት፣ ብዙ ማኅበራት ኮምፒውተር አላቸው። አብዛኛው አዲስ ሆኖ የተገዛ አይደለም። በእርዳታ የመጣ አለ፤ መሥሪያ ቤት ሲለውጥ የተረፈ አለ፤ ከደሴ ወይም ከአዲስ አበባ ያገለገለ ተብሎ የተገዛ አለ። በዚህ ዕቃ ላይ በየጊዜው የሚነሣው ጥያቄ አንድ ነው፤ የለመድነው አሮጌ ዊንዶውስ እንዳለ ይቆይ ወይስ ፎርማት ተደርጎ አዲሱ ይጫንበት?

ጥያቄው የባለሙያ ብቻ ይመስላል። ነገር ግን በዚያ ሣጥን ውስጥ የተቀመጠው የአባሉ ዕጣ ነው። በመኸር የወሰደው ማዳበሪያ፣ የከፈለው ቅድመ ክፍያ፣ የቀረበት ዕዳ፣ ለማኅበሩ ያስረከበው ስንዴና ጤፍ በኩንታል ስንት እንደሆነ ሁሉ እዚያ ተጽፏል። በኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 147/1991 ጊዜም ሆነ እሱን በተካው በአዋጅ ቁጥር 985/2009 ማኅበር መዝገብ የመያዝና ሒሳቡን የማስመርመር ግዴታ አለበት። ኦዲተር መጥቶ መዝገቡ አልከፈት ቢል፣ ወይም ተከፍቶ የአባላቱ ስም የማይነበብ ምልክት ሆኖ ቢገኝ፣ «ኮምፒውተሩ ተበላሸ» የሚለው መልስ ዕዳውን ለከፈለው ገበሬ መልስ አይሆነውም።

ከሁሉ በፊት ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሚባለው ምን እንደሆነ በአጭሩ ማየት ይጠቅማል። ኮምፒውተሩን በሬ፣ የሒሳብና የጽሑፍ ፕሮግራሞቹን ደግሞ ማረሻ ብንላቸው፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ሁለቱን የሚያገናኘው ሞፈርና ቀንበር ነው። ያለ እሱ በሬውም ቆሞ ይውላል፣ ማረሻውም አፈር አይነካም። ቀንበር ደግሞ ክብደት አለው። ለጠና በሬ የተጠረበው ቀንበር በወይፈን ላይ ሲጫን የሚሆነውን አራሽ ያውቀዋል።

የክብደቱ ጉዳይ በቁጥር ሲታይ ግልጽ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ዊንዶውስ ኤክስፒ ለመነሣት ቢያንስ 64 ሜጋባይት ራም ይበቃው ነበር፤ የሚመከረው 128 ነው። በ2007 የወጣው ቪስታ 512 ሜጋባይት ጠየቀ። በ2009 የመጣው ዊንዶውስ 7 አንድ ጊጋባይት፣ በ2015 የመጣው ዊንዶውስ 10 ባለ 64 ቢቱ ሁለት ጊጋባይት፣ በ2021 የመጣው ዊንዶውስ 11 አራት ጊጋባይት አሉ። በሃያ ዓመት ውስጥ ትንሹ ፍላጎት 64 እጥፍ አድጓል ማለት ነው። እነዚህ ደግሞ አምራቹ «ይነሣል» ያላቸው መጠኖች እንጂ ሥራ የሚያሠሩ አይደሉም። ሁለት ጊጋባይት ራምና አሮጌ ሐርድ ዲስክ ባለው ማሽን ላይ ዊንዶውስ 10 የጫነ ሰው ጠዋት አስነሥቶት ቡናውን ጠጥቶ ሲመለስ ገና እየተነሣ ያገኘዋል።

እንግዲህ ነገሩ በክብደት ብቻ ቢታይ ኖሮ መልሱ ቀላል ነበር፤ ለአሮጌ ማሽን አሮጌ ሥርዓት ይበቃል ይባልና ያበቃል። ብዙ ሰውም እንዲህ ያስባል። ያልተቆጠረው ግን በሽታው ነው፤ እዚህ ላይ ደግሞ ከኮምፒውተር ይልቅ ስንዴ የተሻለ ምሳሌ ይሰጣል።

በ1980ዎቹ ማብቂያ የተለቀቀው ኩብሳ የሚባለው የስንዴ ዝርያ ለዓመታት በደጋው የተወደደ ነበር። ምርቱ ጥሩ ነው፣ ገበሬው ለምዶታል፣ ዘሩ በየቤቱ አለ። በ2002/03 የምርት ዘመን ቢጫ ዋግ በአገሪቱ ሲነሣ ግን ኩብሳ ከሁሉ በላይ ተመታ። ኩብሳ ራሱ አልተለወጠም፤ ያው የትናንቱ ዘር ነው። የተለወጠው ዋጉ ነው፤ የዝርያውን መከላከያ የሚያልፍበትን መንገድ አገኘ። ከዚያ በኋላ ቢጫ ዋግን በተሻለ የሚቋቋመው ዲገሉ ተስፋፋ። እሱም ቢሆን በ2006 ዓ.ም. በባሌና በአርሲ በግንድ ዋግ ተመታ። አዲስ መሆን ብቻውን መድን አልሆነም፤ ምርምሩ ክትትሉን ሳያቋርጥ ተተኪ ዝርያ ማውጣት ነበረበት።

ዊንዶውስ ኤክስፒም እንደ ኩብሳ ነው። ማይክሮሶፍት የተባለው አምራቹ መጋቢት 30 ቀን 2006 ዓ.ም. ድጋፉን አቆመ። ከዚያ ቀን በኋላ ኤክስፒ አልተበላሸም፤ እንደ ትናንቱ ይነሣል፣ ይጽፋል፣ ያትማል። አዲስ ቀዳዳ ሲገኝበት ግን የሚደፍንለት የለም። ዊንዶውስ 7 ጥር 5 ቀን 2012 ዓ.ም. በተመሳሳይ መንገድ አበቃ። ብዙ ቢሮ እስከ ዛሬ የሚሠራበት ዊንዶውስ 10 ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ድጋፉ ተቋርጧል። ድርጅቶች በክፍያ ማራዘም እንዲችሉ የተደረገ ቢሆንም፣ ክፍያው ለአንድ ኮምፒውተር ለመጀመሪያው ዓመት 61 የአሜሪካ ዶላር ሆኖ በየዓመቱ እጥፍ እየሆነ እስከ ሦስት ዓመት ድረስ የሚሄድ ነው። ለመሠረታዊ ማኅበር የሚመከር ወጪ አይመስልም።

የዲገሉ ምሳሌም እንዲሁ የኮምፒውተር አቻ አለው። ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም. ዋናክራይ የተባለ ተንኮለኛ ፕሮግራም በዓለም ተዛመተ። በ150 ያህል አገሮች ከ200 ሺህ በላይ ኮምፒውተሮችን ገብቶ ፋይሎቻቸውን ቆለፈና ለመክፈቻው ገንዘብ ጠየቀ። የእንግሊዝ ሆስፒታሎች ሳይቀሩ በሽተኛ እስከ መመለስ ደረሱ። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ የተጎዳው ኤክስፒ ነው ብሎ ነበር። ሲጣራ ግን ከተጠቁት አብዛኞቹ በወቅቱ ድጋፍ ያልተቋረጠበት ዊንዶውስ 7 የነበራቸው ሆኑ። መድኃኒቱ ሁለት ወር ገደማ ቀደም ብሎ ወጥቶ ነበር፤ ኮምፒውተሮቹ ግን አልወሰዱትም። አዲስ ሥርዓት ገዝቶ ዝመናውን መዝጋት ምርጥ ዘር ገዝቶ አረሙን አለማረም ነው።

በዚህ አካባቢ በሽታው በብዛት የሚመጣው ከኢንተርኔት ሳይሆን ከፍላሽ ነው። ፍላሹ ከማኅበር ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ጽሕፈት ቤት፣ ከዚያ ደብዳቤ ወደሚታተምበት ሱቅ ይዞራል። ፎልደሮቹን ደብቆ በምትካቸው አቋራጭ ምልክት የሚያስቀምጠውን ቫይረስ ያላየ የቢሮ ሠራተኛ ቢፈለግ አይገኝም። ኤክስፒ ሲሠራ ፍላሽ በተሰካበት ቅጽበት በውስጡ ያለውን በራሱ እንዲያስነሣ ተደርጎ ነበር፤ ይህ በኋላ በወጣ ማስተካከያ ተዘጋ። ማስተካከያውን ያላገኘ ኤክስፒ ግን አሁንም በሩን ከፍቶ ይጠብቃል። ዊንዶውስ 7ና ከዚያ ወዲህ የመጡት ከፍላሽ ላይ በራሳቸው አያስነሡም። ለገጠር ቢሮ ይህ አንዱ ልዩነት ብቻውን ከብዙ ጌጥ ይበልጣል።

አሁን ወደ ራሳችን ፊደል እንምጣ፤ ከሁሉ የበለጠ ጉዳት የሚደርሰው በዚህ በኩል ነውና።

በ1990ዎቹ የአማርኛ ጽሑፍ በኮምፒውተር የሚጻፈው በፓወር ግዕዝ፣ በቪዥዋል ግዕዝና በመሳሰሉት ነበር። የዚያን ጊዜ ፎንቶች የሠሩበት ብልሃት የሚደነቅ ነው። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ብቻ ስለነበር፣ በየእንግሊዝኛው ፊደል ቦታ ላይ የግዕዝ ፊደል ሥዕል አስቀመጡ። ፎንት አንድ ላይ የሚይዘው ከ256 የማይበልጥ ቦታ ነው፤ የእኛ ፊደል ደግሞ ሰባቱ ቤት ለሠላሳ ሦስቱ ሲባዛ ብቻ 231 ይሆናል፣ ዲቃሎቹና ቁጥሮቹ ሳይቆጠሩ። ስለዚህ አንዳንዱ ፊደል ከሁለት ቁራጭ ተገጣጥሞ ይሠራ ነበር፤ አንዳንዱም ወደ ሁለተኛ ፎንት ይሻገር ነበር። ዓይን «ከበደ» ብሎ ያነባል፤ ኮምፒውተሩ ግን የሚያውቀው የላቲን ፊደልና የነጥብ ክምር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ሦስተኛው የዩኒኮድ እትም ለግዕዝ ፊደል 345 የራሱን ቦታዎች ሰጠው። ከዚያ ጀምሮ «ከ» በየትኛውም ኮምፒውተር «ከ» ሆነ። ኤክስፒ ግን የግዕዝ ፎንት ይዞ አልመጣም፤ ከውጭ መጫን ነበረበት። ንያላ የተባለውን ፎንትና የአማርኛ መጻፊያውን ይዞ የመጣው ቪስታ ነው። ከዚያ በኋላ የወጡት ሁሉ አማርኛ ያነብባሉ፣ ይጽፋሉ።

የአባላት መዝገብ የተጀመረው በአሮጌው ዘዴ ከሆነ ምን ይሆናል? አንድ ማኅበር በኤክስፒ ዘመን የአንድ ሺህ አባላትን ስም በአሮጌው ቪዥዋል ግዕዝ በኤክሴል መዘገበ እንበል። ኮምፒውተሩ ቀርፎ ባለሙያ ተጠራ፤ ባለሙያው ፎርማት አድርጎ ዊንዶውስ 10 ጫነ፣ ፋይሉንም በጥንቃቄ መለሰ። ፋይሉ ሲከፈት ግን ስሞቹ የእንግሊዝኛ ፊደልና የጥያቄ ምልክት ሆነው ይወጣሉ። ሰዎች «ዳታው ጠፋ» ብለው ይደነግጣሉ። አልጠፋም፤ ፎንቱ ስለሌለ ነው። ፎንቱ ተፈልጎ ሲጫን ስሞቹ ይመለሳሉ። ስለዚህ ፎርማት ከመደረጉ በፊት በቁጥጥር ፓነል ውስጥ ያለው የፎንት ፎልደር እንዳለ መገልበጥ አለበት። ይህን የሚያስታውስ ባለሙያ ጥቂት ነው፤ የማኅበሩ ሒሳብ ሠራተኛ ሊያስታውሰው ይገባል።

ሁለተኛው ችግር ከዚህ የረቀቀ ነው። በአሮጌው ፎንት የተጻፈ ስም በፊደል ተራ ሲደረደር ኮምፒውተሩ የሚከተለው የሀ ሁ ሒን ሥርዓት ሳይሆን የተደበቀውን ላቲን ነው። ዝርዝሩ በጽሑፍ ካለው መዝገብ ጋር አይገጥምም። ከፊሉ በአሮጌው፣ ከፊሉ በዩኒኮድ የተጻፈ ፋይል ሲሆን ደግሞ ይብሳል፤ አንዱ አባል ሁለት ጊዜ ሊኖር ይችላል፣ ማሽኑም ሁለቱ አንድ መሆናቸውን ሊያውቅ አይችልም። ወደ ዩኒኮድ የሚለውጡ ፕሮግራሞች አሉ። ሥራውን ያቃልላሉ እንጂ አይጨርሱም፤ ከተለወጠ በኋላ ሁለት ሰው፣ አንዱ ከወረቀቱ መዝገብ እያነበበ ሌላው ከስክሪኑ እያየ፣ ስም በስም ማመሳከር አለባቸው።

በወሎ ደግሞ የራሱ የሆነ ጣጣ አለው። መሐመድ፣ ሙሐመድ፣ መሀመድ፣ ሙሃመድ ተብሎ የተጻፈው አንድ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ሁለት ሰውም ሊሆን ይችላል። ኃይሌና ሀይሌ፣ ዓለሙና አለሙ፣ ፀሐይና ጸሃይ ለጆሮ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ግን የተለያዩ ናቸው። አንዱን ጽፎ የፈለገ ሌላውን አያገኝም። ይህን የትኛውም ዊንዶውስ፣ አሮጌም አዲስም፣ አያስተካክለውም። መፍትሔው ለእያንዳንዱ አባል የማይለወጥ ቁጥር መስጠትና የማዳበሪያ ዕዳውን በስሙ ሳይሆን በቁጥሩ መያዝ ነው። ቁጥሩ በአባልነት ደብተሩም ላይ ይጻፍ።

የቀን አቆጣጠሩም ተመሳሳይ ወጥመድ አለው። ኤክሴል የኢትዮጵያን ካላንደር አያውቅም። ጥቅምት 30 ብሎ 30/2 የጻፈ ሰው፣ ማሽኑ ፌብሩዋሪ ሠላሳ የለውም ብሎ ቀን ሳይሆን ተራ ጽሑፍ ያደርገዋል። ጳጉሜን 3 ብሎ 3/13 የጻፈው ደግሞ ማርች 13 ይሆንበታል። አዲስ ሥርዓት ሲጫን ወርና ቀን የሚቀመጡበት ቅደም ተከተል ወደ አሜሪካው ስለሚመለስ ስሕተቱ ይባባሳል። በመሆኑም ለኢትዮጵያ ቀን የሚውለው ዓምድ አስቀድሞ «ጽሑፍ» ተብሎ ይመደብ፤ ቀን፣ ወርና ዓመትን በሦስት ዓምድ ለያይቶ መያዝ ደግሞ ከዚያም ይሻላል።

ከፊደሉ ቀጥሎ ሥርዓት ለመለወጥ የሚያስቸግረው የሒሳብ ፕሮግራሙ ነው። በአገራችን ብዙ ዩኒየኖችና ድርጅቶች በፒችትሪ ይሠራሉ፤ አምራቹ በኋላ ስሙን ሴጅ 50 ብሎታል። የድሮው ፒችትሪ ለኤክስፒ ዘመን የተሠራ ስለሆነ በአዲሱ ዊንዶውስ ላይ አንዳንዴ ይቀበላል፣ አንዳንዴ ዳታውን የሚያስተዳድረው ክፍሉ አልነሣ ይላል። ከዶስ ዘመን የቀሩ ባለ 16 ቢት ፕሮግራሞች ደግሞ በ64 ቢት ዊንዶውስ ላይ ፈጽሞ አይሠሩም። ደረሰኝ የሚያትመው ባለ መርፌ ፕሪንተርም አለ፤ ለ32 ቢት የተሠራው ድራይቨሩ በ64 ቢት ላይ አይገባም። እነዚህን ሳያረጋግጡ ፎርማት ማድረግ በእርሻ መካከል ሞፈር መቁረጥ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? መልሱ ከማሽን ማሽን ይለያያል። እዚህ ላይ «ሁሉም ወደ አዲሱ ይለወጥ» የሚል መመሪያ ማውጣት ስሕተት ይሆናል፤ «አይነካ» ማለትም እንዲሁ።

ፒችትሪ ብቻ የሚሠራበት፣ ኢንተርኔት የማይገባበት፣ ፕሪንተሩም የለመደው አሮጌ ኮምፒውተር ካለ ባለበት ቢቆይ ነውር የለውም። ቅድመ ሁኔታ ግን አለው። የኔትወርክ ገመዱ ይነቀል፤ ሲም ያለበት ሞደም አይሰካበት፤ አንድ ፍላሽ ለእሱ ብቻ ይመደብና ሌላ ቦታ አይዙር። ኢሜይል የሚከፈትበት፣ የባንክ ገጽ የሚታይበት ኮምፒውተር ግን በኤክስፒ ወይም በዊንዶውስ 7 ሊሆን አይገባም። ጎግል ክሮም እ.ኤ.አ. በ2016 ለኤክስፒ፣ በ2023 ደግሞ ለዊንዶውስ 7 አዲስ እትም ማውጣት አቁሟል። ብዙ ድረ ገጾችም በአሮጌው መክፈቻ አይከፈቱም፤ ቢከፈቱም የገንዘብ ሥራ አይሠራባቸውም።

ዊንዶውስ 11 ለመጫን የሚያስብ ማኅበር የማሽኑን ዕድሜ አስቀድሞ ይወቅ። አራት ጊጋባይት ራም ብቻ አይበቃም፤ 64 ጊጋባይት የዲስክ ቦታ፣ ቲፒኤም 2.0 የተባለ የጥበቃ ክፍልና በአምራቹ ዝርዝር የገባ ፕሮሰሰር ይጠይቃል። በኢንቴል በኩል ዝርዝሩ በአብዛኛው የሚጀምረው ከስምንተኛው ትውልድ ነው፤ ይህም ከ2017 ወዲህ የወጣ ማለት ነው። ጥበቃውን አልፎ የሚጭን ባለሙያ አይጠፋም፤ አምራቹ ግን ለእንዲህ ዓይነቱ ዝመና ለመስጠት ቃል አልገባም። ኮር ቱ ዱኦ በተባለው ፕሮሰሰር ላይ ደግሞ የቅርብ ጊዜዎቹ እትሞች ጭራሽ አይነሡም። ያገለገለ ኮምፒውተር ሲገዛ «ኮር አይ 5 ነው» የሚለው የነጋዴ ቃል ብቻውን ምንም አይናገርም። ስንተኛ ትውልድ እንደሆነ ይጠየቅ፤ ከቁጥሩ ይታያል። ለምሳሌ አይ 5-3470 ሦስተኛ ትውልድ ነው፣ አይ 5-8500 ስምንተኛ።

ከዊንዶውስ ውጭ ያለውን መንገድም መናቅ አይገባም። ሊኑክስ የሚባለው እ.ኤ.አ. በ1991 በፊንላንዳዊ ተማሪ የተጀመረ ነጻ ሥርዓት ነው። ቀለል ተደርጎ ከተሠሩት ውስጥ ሊኑክስ ሚንት ኤክስኤፍሲኢ የተባለው በሁለት ጊጋባይት ራም ይነሣል፤ በአራት በደንብ ይሠራል። ዝመናው በነጻ ነው፤ አማርኛ ይጽፋል። ሊብሬኦፊስ የተባለው የጽሑፍና የሠንጠረዥ ፕሮግራሙ የወርድና የኤክሴል ፋይሎችን ይከፍታል። አገራችን ይህን ዓይነት ምርጫ አይታዋለች፤ በ2000 ዓ.ም. ገደማ ለትምህርት ቤቶች የመጡት አረንጓዴና ነጭ ትንንሽ ላፕቶፖች 256 ሜጋባይት ራም ብቻ ነበራቸው፣ የሚሠሩትም በሊኑክስ ነበር። ሥርዓቱ ለማሽኑ ልክ ተሰፍቶ ስለተሠራ ነው የተነሡት።

ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ፒችትሪ በሊኑክስ ላይ በቀጥታ አይሠራም። ደግሞም ኮምፒውተሩ ሲያስቸግር ማን ያየዋል? በመካነ ሰላም ዊንዶውስ የሚጭን አይታጣም፤ ሊኑክስ የሚያውቀው ጥቂት ነው። የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በከተማዋ ካምፓስ ያለው በመሆኑ፣ ዩኒየኑ ከዚያ ጋር ተነጋግሮ የጥገና ድጋፍ ቢያገኝ ጥሩ ነው። እስከዚያው ለደብዳቤ፣ ለቃለ ጉባኤና ለኢሜይል የሚውለው ኮምፒውተር በሊኑክስ ቢሞከር የሚከስረው ነገር የለም፤ የሒሳቡ ግን በለመደው ይቆይ። በጣም አሮጌ ለሆኑት ባለ 32 ቢት ማሽኖች ይህም በር እየጠበበ መሆኑ ይታወቅ። ከዋናዎቹ አንዱ የሆነው ደቢያን እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው 13ኛ እትሙ ለእነሱ መጫኛ ማዘጋጀት ትቷል።

ብዙ ጊዜ «ዊንዶውሱ ይለወጥ» የሚባለው ችግር የዊንዶውስ አይደለም። በየጠዋቱ ሰዓቱና ቀኑ ወደ ድሮ የሚመለስ ኮምፒውተር የሚያስፈልገው በውስጡ ያለችው ሲአር 2032 የምትባለው ክብ ባትሪ እንድትቀየር ነው። ቀኑ ሲሳሳት የሒሳብ ፕሮግራሙም የተሳሳተ ቀን ይመዘግባል፣ ድረ ገጾችም አልከፈት ይላሉ፤ ሰው ግን ቫይረስ ነው ይላል። የቀረፈው ኮምፒውተርም አብዛኛውን ጊዜ ሐርድ ዲስኩ ነው የሚያቀርፈው። ሐርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ መተካትና ራሙን ወደ አራት ወይም ስምንት ጊጋባይት ማሳደግ አዲስ ኮምፒውተር ከመግዛት በብዙ ያነሰ ወጪ አለው፤ ለውጡም በዓይን ይታያል። ራም ሲገዛ ዲዲአር 2 እና ዲዲአር 3 እንደማይተካኩ ማስታወስ ብቻ ነው።

መብራት ሲጠፋ በዲስክ ላይ የሚደርሰውም ከምርጫው ጋር ይያያዛል። በክረምት መብረቁ ሲበረታ መብራት በቀን ስንት ጊዜ እንደሚሄድ የሚታወቅ ነው። የዊንዶውስ 98 ዘመን የፋይል አያያዝ በመጻፍ ላይ ሳለ መብራት ከሄደበት ፋይሉ ተቆርጦ ይቀር ነበር። በኤክስፒ የተለመደው ኤንቲኤፍኤስ የሚሠራውን ለውጥ አስቀድሞ በማስታወሻ ስለሚይዝ ሲነሣ ራሱን ያስተካክላል፤ የሊኑክሱም እንዲሁ። የዲስኩን አደረጃጀት ይጠብቃል እንጂ ያልተቀመጠውን ደረሰኝ ግን አይመልስም፤ ዩፒኤሱ ባትሪው የሞተ ጌጥ ሆኖ እንዳይቀር በየጊዜው ይፈተሽ።

ዝመና በኢንተርኔት ይመጣል ሲባል ኢንተርኔቱ እንዳለ ተቆጥሮ ነው። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት መቋረጡን ሁሉም ያስታውሳል። ኢንተርኔት ሲኖርም ዊንዶውስ 10 ወይም 11 ሳይጠየቅ ጊጋባይት አውርዶ የተሞላውን ካርድ ይጨርሳል። በቅንብሩ ውስጥ ግንኙነቱ «በመጠን የሚከፈልበት» መሆኑን መንገር ይቻላል፤ በወር አንድ ቀን ደግሞ ሆን ተብሎ ይከፈትለት። በማያምኑት ፍላሽ ላይ ያለ ክራክ የተደረገ ዊንዶውስ መጫን ግን ዝመናውንም ያሳጣል፣ ምን እንዳስገባም አይታወቅም። የኮምፒውተር ፕሮግራም በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የተጠበቀ ሥራ መሆኑንም የሥራ ኃላፊዎች ቢያስቡበት መልካም ነው።

መጠባበቂያ ቅጂ በዚያው ክፍል፣ በዚያው ቁም ሣጥን መቀመጡ ምን ያህል እንደሚጠቅም 2014 ዓ.ም. አሳይቷል። ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ በደረሰ ጊዜ ኮምፒውተሮቻቸውን ከነመዝገባቸው ያጡ መሥሪያ ቤቶች ጥቂት አይደሉም። አንዱ ቅጂ ከቢሮው፣ ሌላው ከዩኒየኑ፣ ሦስተኛው በታመነ ሰው እጅ ከከተማው ውጭ ቢሆን ዋጋው የሦስት ፍላሽ ዋጋ ነው። የዓመቱ መዝጊያ ሒሳብና የአባላት ዝርዝር በወረቀት ታትሞ፣ ተፈርሞ፣ ማኅተም ተደርጎበት ይቀመጥ። ወረቀት ዝመና አይፈልግም።

ሥርዓት ለመለወጥ የወሰነ ማኅበር ወሩን ይምረጥ። ሰኔና ሐምሌ የማዳበሪያ ሥርጭትና የበጀት ዓመት መዝጊያ ነው፤ ኅዳርና ታኅሣሥ እህል መረከብ ይጀመራል፤ በልግ በሚዘራባቸው የለጋምቦ ደጋዎች ደግሞ ጥር ሥራ የሚበዛበት ነው። የሚቀረው ነሐሴና መስከረም ነው። ሒሳቡ ተዘግቷል፣ ደረሰኙ ቀንሷል። በእነዚህ ወራት አዲሱ ይጫን፤ ፎንቱ፣ ፕሪንተሩና ፒችትሪው ይሞከር፤ የሃያ አባላት ሒሳብ ወጥቶ ከወረቀቱ ጋር ይመሳከር። አሮጌው ሐርድ ዲስክ አይደምሰስ። ወጥቶ፣ የማኅበሩ ስምና ቀኑ ተጽፎበት፣ የዓመቱ ኦዲት እስኪጠናቀቅ ድረስ በካዝና ይቆለፍ።